አባባ በእንግሊዝኛው አልታመሙም

ሳን ሲሪሎ፣ ቴክሳስ
ማርች 14 ቀን 1982

ለምወድህ ወንድሜ ለኦክታቪዮ፣

የሚኒሶታ በረዶ እንዴት ይዞሃል? እኛ ዘንድ ሙቀቱ ገብቷል፤ የሽንኩርት ለቀማውም ሊጀመር ነው። እኔም ሱቁም ደህና ነን። የሐብሐብ ዘር ሰው ሳይጠይቅ ቀድሜ አዝዤ ስለነበር ዘንድሮ በከተማው የተገኘው እኔ ጋ ብቻ ነው። የዶሮ መኖውም እየሄደ ነው።

ለአባባ ሰማንያኛ ዓመት በዓል እንደማትመጣ፣ የተማሪዎች ፈተና እንደበዛብህ የጻፍከው ደርሶኛል። ኦክታቪዮ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ከባንኮኒ ኋላ የቆምኩ ሴት ነኝ። ሰው የማይገዛውን ዕቃ ሲያገላብጥ አውቃለሁ። ያስፈራህ መጽሐፉ እንጂ ፈተናው አይደለም።

የስፓኒሹን መጽሐፍህን እዚህ ያላነበበ የለም። በሽንኩርት ለቃሚዎቹ የሥራ ማቆም አድማ ሳምንት አባትየው ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ ነው። ባለፈው መኸር ያንኑ ታሪክ በእንግሊዝኛ እንደገና ጻፍከው። «አልተረጉምም፤ እንደ አዲስ ነው የምነግረው» ትል የለ? እኔም አንዱን ዘር ለሽማግሌውና ለወጣቱ ገበሬ ስሸጥ የምናገረው ለየቅል ነውና ይገባኛል። በእንግሊዝኛው ግን አባትየው አልታመመም። አድመኞቹ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ለባለእርሻው ሽንኩርት ባቡር ላይ ይጭናል። እማማ ከመሞቷ በፊት የነገረችህን ነው የጻፍከው። አባባ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ እውነቱን እዚያ አስቀመጥከው። ስሌትህ ጥሩ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው።

አባባ እንግሊዝኛ ያውቃሉ። ድሮም ያውቁ ነበር።

የራሳቸውን ሽንኩርት መሸጥ ከጀመሩ ወዲህ ገዢዎቹ ሲመጡ እኔን በአስተርጓሚነት ያቆሙኝ እንደነበር ታስታውሳለህ። ገዢዎቹ «ሽማግሌው አይሰማም» ብለው እስከ ስንት ሊከፍሉ እንዳሰቡ እዚያው አባባ ፊት ያወራሉ። እኔ ስተረጉም ደግሞ አባባ ረጋ ብለው ያስባሉ። ንግድን የተማርኩት እዚያ ነው። ለምን ለእኔ አልተነገረኝም ትል ይሆናል። አንተ ልጅ ሆነህ ምስጢር አትቋጥርም ነበር፤ ይኸው ደራሲ ሆነህ ቀረህ።

የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ባንኮኒ ላይ የተውኩት እኔ ነኝ። ረስቼው ነው ብል አታምነኝም፤ ስለዚህ አልልህም። ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ብዬ አስፍሬአለሁ፦ «ፌብሩዋሪ 20፦ አባባ መጽሐፉን ይዘው ሄዱ። 24፦ ምሳ አልነኩም። 27፦ መለሱት።»

ሲመልሱት፣ «በስፓኒሹ ታምሜ ነበር፤ በእንግሊዝኛው ድኛለሁ» አሉኝ።

«ተቀየሙት እንዴ፣ አባባ?»

«ሁለት ፉርጎ ብሏል። ሦስት ነበር።» ከዚያ ባርኔጣቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና፣ «ቅዳሜ አበልጄ ሲመጡ ታነቢላቸዋለሽ» አሉ።

ደነገጥኩ። አበልጃቸው ዶን ክሪሳንቶ፣ አንተን ክርስትና ያነሱህ፣ አድማውን የመሩና በእሱም አሥራ አንድ ቀን የታሰሩ ሰው ናቸው። አባባ የቀራቸው ጓደኛ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ይቅርብዎት» አልኳቸው። አልሰሙኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ዶን ክሪሳንቶ እንደ ልማዳቸው መጥተው የመኖ ጆንያው ላይ ተቀመጡ።

«አበልጄ፣ ልጄ የጻፈው ነገር አለ። ዴልፊና ታንብብልዎት» አሉ አባባ።

«ስለ እኔ ነው? ፈረስ ላይ አስቀምጦኛል?»

«ስለ እኔ ነው። ይስሙ።»

ዓይኔ እንግሊዝኛውን እያየ አፌ በስፓኒሽ ተናገረ። ገመድ ሊገዙ የገቡ ሁለት ደንበኞች ገመዱን እንደያዙ ቆሙ። ስጨርስ አባባ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ጨርሰሻል?» አሉ ዶን ክሪሳንቶ።

«ጨርሻለሁ።»

«ይቺን ለመናገር አርባ አራት ዓመት? አበልጄ፣ እስር ቤት ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸቱ ነበር እኮ! ጠባቂው አፍንጫውን ይዞ ነው ያስገባዎት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«እርስዎም ዝም አሉ፣ እኔም ዝም አልኩ። ቤትዎ የታመመ ልጅ እንዳለ ማን የማያውቅ ነበር? እኔስ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» አሉና ድንገት ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አይደለም? ቀድሞ ማን አነበበልዎት?»

«ራሴ።»

ዶን ክሪሳንቶ ከጆንያው ላይ ተነሡ። «ራሴ?! ዳኛው ፊት ቆሜ እንደ ዲዳ እጄን ሳወናጭፍ እርስዎ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር?»

«ያኔ ብዙም አላውቅም ነበር።»

«ውሸታም ሽማግሌ! ስለ ሽንኩርቱ እግዜር ይቅር ይበልዎት። ስለ እንግሊዝኛው ግን ለልደትዎ የፍየል ጠቦት ጠብሰው ካላበሉኝ አልታረቅም!»

ደንበኞቹ በሳቅ ፈነዱ። አባባም ሳቁ፤ ቀጥሎ መሐረባቸውን አወጡ። እኔ ገመድ ለመለካት ዞር አልኩ።

ወደ ቤት ስነዳቸው መንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ጻፊለት። ይሄን በስፓኒሹም ያስገባው። የሚያውቁኝ ሰዎች የሚያነቡት እሱን ነው። ለማያውቁኝ እውነቱን ነግሮ፣ ለሚያውቁኝ ታሞ ነበር ማለት ምን ይሉታል?» አሳታሚህ ሁለተኛ እትም ያወጣል ብለህ ነበርና ጊዜው አላለፈም። ፉርጎውንም ሦስት አድርገው።

ምክንያቱን ግን በየትኛውም ቋንቋ አልጻፍከውም። እማማ ያን አልነገረችህም መሰለኝ። ዶን ክሪሳንቶ ስለ ታመመው ልጅ ያሉትን ከላይ ጽፌልሃለሁ። የዚያ ቤት ልጆች ሁለት ነበርን፤ እኔ ደግሞ ያን ዓመት አንድም ቀን ታምሜ አልተኛሁም። ሌላውን ደራሲው ያስበው።

በዓሉ ኤፕሪል 17 ነው። ፍየሉን ካሁኑ አዝዤአለሁ። አልጋህ ያው የድሮ ክፍልህ ውስጥ ነው፤ የዘር ካርቶኖቼን አነሣልሃለሁ።

ደብዳቤው ሊያልቅ ሲል አባባን፣ «ምርቃትዎን ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኳቸው።

«ምንም አትጻፊ። ምርቃቴን በፖስታ አልክም። ከፈለገ መጥቶ ደጃፌ ላይ ይንበርከክና ይውሰድ» አሉ።

እግዚአብሔር በመንገድህ ሁሉ ይጠብቅህ። ይሄኛው የእኔ ነው።

እህትህ
ዴልፊና