ዩሪያው ከማሳው አልነበረም

ይታይሽ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን ስናወጣ አንድ ቃል አልጻፍኩልሽም። ያን ጊዜ ያጠፋሁትን አላውቅም ነበር። አሁን አወቅኩና ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ፤ የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ቀይዋ ላም ወለደች፤ ጥጃዋ እንስት ናት። የጓሮው ጌሾ ደረቀ፤ ካንቺ ሌላ እጅ አልለመደም። ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጠሁት። ስለዚህ ሁለት ክረምት ሙሉ ማዳበሪያ በእጄ አልነካሁም። ይህችን ያዢልኝ።

በፍልሰታ፣ አንቺ ስትቆጪኝ እንደኖርሽው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አልቀምስም ብዬ ከረምኩ። በአሥረኛው ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ አዞረኝና ተዘረርኩ። ልጃችን አበቡ፣ አንተ ግትር ሽማግሌ እያለች ንፋስ መውጫ ከተማ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ደም ሰጠሁ። ውጤቱን ይዛ የመጣችው ማን መሰለችሽ? ያንቺን የደም ውጤት የነገረችን ያቺው ቀጭን ሐኪም ናት። እሷ አላወቀችኝም። አባባ፣ በደምዎ ውስጥ ዩሪያ በዝቷል አለችኝ።

ክው አልኩ።

ያኔ ላንቺም እንዲሁ ስትል፣ ዩሪያ ካለች ወዲያ ሌላውን አልሰማኋትም። የማሳችንን ማዳበሪያ፣ ዩሪያን እኔ አጣሁት? በየክረምቱ ስንዴው ላይ በባዶ እጅሽ ስትበትኚው በእጅሽ ንቃቃት ገብቶ ነው ብዬ ፈረድኩ። አንቺ የጋቢዬን ጫፍ ጎተት አድርገሽ፣ ጠይቃት እንጂ አልሽኝ። ከልጄ እኩያ ጋር ምን ልማከር? ገብቶኛል ብዬ ይዤሽ ወጣሁ። በሳምንቱ ተመለሱ መባላችንን ስታስታውሺኝ፣ ከማሳው ራቂ፣ በራሱ ጊዜ ይወጣል አልኩሽ። ማዳበሪያ ቢሆንማ ጠጉሬ እንደ ስንዴው በለመለመ ብለሽ ሳቅሽብኝ። ስቀሽም ታዘዝሽኝ። እግርሽ እስኪያብጥ ድረስ ታዘዝሽኝ።

እኔ ግን ማዳበሪያ አልነካሁም! ታዲያ ከየት ገባብኝ? በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አልገባኝም ልጄ፣ አስረጂኝ አልኩ።

ተቀምጣ አስረዳችኝ። ይህኛው ከከረጢት የሚመጣ አይደለም አለች። ሥጋውም ሽሮውም ሰውነታችን ውስጥ ከተፈጨ በኋላ ከሚተርፈው ጉበት የሚሠራው ጥራጊ ነው፤ ኩላሊት ደግሞ ከደም አጥልሎ በሽንት ያወጣዋል። ኩላሊት ሲደክም ይበዛል፤ ሰው ውሃ ሲያጣም ይበዛል። ስለዚህ ያ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ ክሬያቲኒን ከሚሉት ሌላ ቁጥር ጋር ተያይቶ፣ ውሃ ተጠጥቶ እንደገና ይለካል። የእኔ ክሬያቲኒን ደህና ነበር። የነፍስ አባታችንም ሰምተው፣ ለታመመ ሽማግሌ ውሃ ማን ከለከለ ብለው ተቆጡኝ። ጠጣሁ። በሳምንቱ ስመለስ ዩሪያው ወርዷል። ለካ ጥም ኖሯል።

ያን ዕለት ያንቺን የውጤት ወረቀት ከዳዊቱ ውስጥ አውጥቼ ይዤላት ሄጄ ነበር። አየችው። ከዚያ ሁለቱንም ቁጥር በጣቷ አሳየችኝ። ሁለቱም ከልክ አልፈዋል። ተመለሱ ያልናችሁ ለዚህ ነበር አለች። በጊዜው ባመጣት ትድንልኝ ነበር ወይ አልኳት። እሱን አላውቅም፣ ልንረዳት ግን እንሞክር ነበር አለችኝ። ከንፋስ መውጫ እስከ ቀያችን ቤተ ልሔም በሚኒባስ ስመጣ አጠገቤ ማን እንደተቀመጠ አላውቅም።

ይታይሽ፣ እንዴት እንዲህ ይሆናል? አርባ ዓመት አብሬሽ ስኖር ያልጠየቅኩት ስንት ነገር አለ? ይቅር በይኝ ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ግን መልስሽን የምሰማበት የለም። ወረቀትሽን ወደ ዳዊቱ መልሼዋለሁ። ጎረቤት የሐኪም ወረቀት ይዞ ሲመጣ እንደ ድሮው አልፈርድለትም፤ ተመለስ ተብለህ እንደሆን ተመለስ፣ ያልገባህን ጠይቅ እለዋለሁ።

አበቡ አዲስ ጋቢ ገዝታልኛለች። አልለበስኩትም። ሰው ነገር ሲያስረዳኝ የአሮጌውን ጫፍ፣ አንቺ የጎተትሽውን፣ በእጄ ጨብጬ እሰማለሁ። እስኪገባኝ አለቀውም።

ባልሽ