ፀሐይ ስትፈነዳ አባዬ ይናገራል

የካቲት 4፣ ጠዋት 3፡20
ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ቴሌስኮፑን ጣሪያ ላይ ተከልኩ፣ የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ጣልኩ፣ ጥቁር ነጥቦቿን በእርሳስ አወጣሁ። በምሥራቅ ጠርዝ አዲስ ነጥብ ብቅ ብሏል፤ ትልቅ፣ አስቀያሚ። እንዲህ ያለው ሳይፈነዳ አያልፍም። ለማስተርስ ጽሑፌ ሲሳይ ነው።

ታች ሬዲዮው ያንባርቃል። አባዬ መስከረም ላይ ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣውም። ዶ/ሩ ድምፅ አይለየው ስላለ፣ የሚያስታምሙት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ጠዋት ከፍተው ትራሱ አጠገብ ያስቀምጡታል፤ ማታ የእንቅልፍ መድኃኒቱን ሲውጥ ይዘጉታል። ጆሮው ከድሮም ከበድ ይላል፣ ስለዚህ ድምፁ እስከ ጥግ ነው። አጭር ሞገድ ብቻ፤ ድሮም ሌላ አይወድም። ቻይንኛም ይምጣ ሹሹታ፣ ይሰማል።

የካቲት 7፣ ቀን 7፡10
ፈነዳ! ልክ 6፡40 ላይ ስልኬ ላይ የፀሐይን ጨረር የሚለካው መስመር ሽቅብ ተወነጨፈ። ታች ሬዲዮው ዝም። ሹሹታው እንኳ ወረደ። ይኼማ የሚጠበቅ ነው፤ ጨረሩ አጭር ሞገድ የሚነጥርበትን የአየር ንብርብር ያበላሸዋል፣ ፀሐይ በወጣበት አገር ሁሉ ሬዲዮ ይታፈናል። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጽፌ ጨርሼ ስወርድ ሬዲዮው ተመልሷል። እትዬ ዘነበች ፊታቸው አመድ መስሏል። አባትሽ ተናገረ አሉኝ። ከመሃል የተቆረጠ ወሬ ይመስላል፣ «ከዚያ ወዲያ አልተመለሰችም» ነው ያለው አሉ። አባዬን አየሁት። ጣሪያ ላይ አፍጥጧል። ከንፈሩ እንደ ወትሮው ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው ሲደክመው ያልተባለ ይሰማል ብዬ ተውኩት።

የካቲት 10፣ 9 ሰዓት
ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፍልሽ ደብተሬ። 8፡15 ላይ ሁለተኛው ፈነዳ። ሬዲዮው ሲታፈን ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። በሩ ላይ ሳልደርስ ሰማሁት። ቀጭን፣ የደረቀ ድምፅ። የአባዬ።

«ቁልፉ እሷ ጋ ነበር። ለዚህ ነው የምለምንሽ ልጄ።»

ምኑን ነው የምትለምነኝ ልለው አፌን ስከፍት፣ እትዬ ዘነበች «ኢየሱስ!» ብለው ጮኹ። ደንግጦ አቋረጠ። ዓይኑ እኔ ላይ ቀርቷል፣ እንባ አቅርሯል። ጠጋ ብዬ ለመንኩት፤ አልመለሰም። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮው ማንባረቁን ቀጠለ። ፀጉሬ እስካሁን አልተኛም።

ማታ ለጸሎት የቤት ኅብረቱ መጥቶ ጌታን አመሰገነ። እትዬ ዘነበች ግን ኩሽና ጠርተው፣ ይኼ ሰውዬ ከማን ጋር ነው የሚያወራው አሉኝ። በመዝገቤ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ከፈትኩ፦ «አባዬ»። አማካሪዬ ቢያየው ጉድ ነው የምሆነው።

የካቲት 14
ነጥቡ ወደ ምዕራብ ጠርዝ ተቃርቧል። ሦስት ቀን ቢቀረው ነው። ካለፈ በኋላስ? «እሷ» የሚላት ማን እንደሆነች፣ ምን እንደሚለምነኝ ሳላውቅ ዝም ቢል? ተማሪዎቼን የፀሐይ ማዕበል ሳተላይት እንጂ ሰው አይነካም እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ጣሪያ ላይ ተንበርክኬ እንዲፈነዳ ጸለይኩ። የስንት አውሮፕላን ሬዲዮ ይታፈን ብዬ! አፈርኩ። ደግሞ ጸለይኩ።

አልፈነዳም።

የካቲት 17፣ ቀን 5፡30
ነጥቡ የለም። ወረቀቱ ባዶ። ስልኬ ላይ መስመሩ ጠፍጣፋ። ከሲግናል ሰፈር መድኃኒት ገዝቼ ገባሁ፣ እትዬ ዘነበች ሾርባ ሰጡኝ። ሬዲዮው ያንባርቃል። አባዬን ላጎርሰው አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። አገጩ ላይ ፈሰሰበት፣ ልጠርገው ጎንበስ ስል ጆሮዬ ከንፈሩን ነካው።

ትኩስ ትንፋሽ። ትንፋሹ ውስጥ ቃል። አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዛሬ ፀሐይ ምንም አልሠራችም፤ እሱ ግን ያወራል።

መንቀጥቀጥ ያልነው ወሬ ነበር። ጠዋት ሬዲዮው ሲከፈት ጀምሮ ማታ መድኃኒቱ እስኪጥለው። ምናልባት ከመስከረም ጀምሮ! ፀሐይዋ አላናገረችውም፤ ሬዲዮውን ዝም አሰኘችልን እንጂ። አምስት ወር ሙሉ ጆሮው ሥር ቻይንኛ ከፍተን፣ የገዛ አባቴን፣ እኔው... ሾርባው ከእጄ ወደቀ። አለቀስኩ።

ሬዲዮውን ዘጋሁት። ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይከፈትም። እትዬ ዘነበችን እባክዎ አይጩሁ አልኳቸው፤ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው በሩ ሥር ተቀመጡ።

«አባዬ ይቅር በለኝ። ከመጀመሪያው ንገረኝ» አልኩት።

ውሃ ጠየቀ። ጉንጭ ጉንጭ እያለ ይጠጣል፤ ያንን እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። የሚለውን ሁሉ እንዳለ እይዘዋለሁ። ውሃውን ጨረሰ። እናትሽ፣ ይለኛል፣ እናትሽ ያን ቀን...