እኔ ሳልጫወተው የተጨበጨበለት ዜማ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በገዛ ቤቴ፣ አልጋዬ ላይ በትራስ ተደግፌ ይህን የመጨረሻ ቃሌን እናገራለሁ። ሰውነቴ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ማንም አልገፋፋኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ተናድጃለሁ፤ ንዴት የአእምሮ መታወክ አለመሆኑን ቃሌን የሚመዘግበው ጠበቃ እዚሁ ላይ እንዲጽፍልኝ ጠይቄ ጽፎልኛል።

ምስክሮቼ ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊና በየቀኑ መርፌ የምትወጋኝ ነርስ ናቸው። ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። ታናሽ ወንድሜን አልጠራሁትም።

በመጀመሪያ፣ ቤቱን ከነዕቃው ለልጄ ሰጥቻለሁ። አልጋ ላይ ከዋልኩ ጀምሮ አገላብጣ ስታጥበኝ አንድ ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። የኩሽናው መስኮት አይገጥምም፤ ታሠራው።

ቀጥሎ፣ መደገፊያ ያለውን ወንበሬን ለልብስ ሰፊው ሰጥቻለሁ፤ እሱ የሚቀመጥበት በርጩማ ወገቡን ጨርሶታል። ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ሙዚቃ በተጫወትኩ ቁጥር ግድግዳውን በመቀስ ሲደበድብ ኖሯል። ምቱ ጥሩ ስለነበረ ብዙ ጊዜ ተከትዬዋለሁ።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ እኮ ዝም እንዲሉልኝ ነበር የምደበድበው» አለ።

አውቃለሁ። ወንበሩ ያንተ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ሲንተሳይዘሩ፣ ያ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረው የሙዚቃ መሣሪያዬ ነው። ስልክ ማዞሪያ ቤት የጥገና ሠራተኛ ሆኜ ስሠራ ገመድ መሰካት ለመድኩ፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አንድ አንድ ሳጥን እየጨመርኩ ይህን መሣሪያ ገጣጠምኩ። ገመድ ካልሰኩበት ዲዳ ነው። ሰክቼው ቁልፉን ሳዞር ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ኖታ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም። እኔ መንገዱን እከፍታለሁ፤ ኖታው በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣ እጄ ይመልስለታል። ወንድሜ ከጎኔ ኤሌክትሮኒክ ከበሮውን ይመታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንጫወት አንድ ስምምነት ነበረን፤ አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ መድረክ ላይ አይወጣም። ዜማው ከተበላሸም ሰው ፊት ይበላሻል።

በመጨረሻው ዝግጅታችን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ቁልፉን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ድምፁ አልተለወጠም። ወደ ግራ አዞርኩ፤ ያው ነው። ገመድ ነቀልኩ፤ ዜማው ቀጠለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወንድሜ ከዓመት በፊት ልምምድ ላይ ቀድቶኝ ኖሯል፤ የመሣሪያዬን ድምፅ ዘግቶ የተቀዳውን ከከበሮው ማሽን ለቆታል። እኔ በድን ቁልፍ እያዞርኩ እንደ ጅል ቆሜያለሁ። ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እጅ ነሣሁ። ምን ላድርግ? እጅ ነሣሁ! ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሳስበው ቆሽቴ ያራል። ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገርኩትም።

ስለዚህ ከመሣሪያው አንዲት ገመድ እንኳ እንዳትደርሰው ላስጽፍ ስል ልጄ አቋረጠችኝ። ያለችው ቃል በቃል ይጻፍ ብያለሁ፤

«እማዬ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር እኮ። ልምምድ ላይ ገመዱ አልገባ ብሎሽ ሦስቴ ስትሞክሪ አይቶሻል። ሰው እንዳይስቅብሽ ብሎ ነው። እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኛል።»

ስድስት ዓመት! አንቺም ታውቂ ነበር! እዚሁ ቤት፣ ከእኔ ጋር እየበላሽ!

ነርሷ «ይረጋጉ እማማ፣ ግፊትዎ ይጨምራል» አለችኝ። ይጨምር። ቤቱን ልከለክላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

አሁን የምናገረው አንድም ቃል ሳይጎድል ይጻፍ። የእጄን መንቀጥቀጥ ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ቁልፉ ላይ የሚንቀጠቀጥ እጅ ደህና እጅ የማያገኘውን ኖታ ያወጣል፤ በሁለት ድምፅ መካከል እየዋለለ፣ ይወድቃል ሲሉት የሚነሣ። ልምምድ ላይ ሰምቼው አልቅሻለሁ። ያን ቀን ለሰው ላሰማ የሄድኩት እሱን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩትን ዜማ ሕመሜ አመጣልኝ፤ ወንድሜ ከእጄ ነጠቀኝ። አዘነልኝ! ማን እዘንልኝ አለው?

ሲንተሳይዘሩን ለእሱ ሰጥቻለሁ። ይቅር ብዬው አይደለም። ልጄ ብትወስደው አቧራውን እየጠረገች ታስቀምጠዋለች። ያልታሰበ ኖታ ሲመጣ ሳይደነግጥ ተከትሎት የሚመታ ሰው ከእሱ በቀር አላውቅም፤ ይህን የምናገረው ጥርሴን ነክሼ ነው። ከቤቴ ሳይወጣ ግን ገመዶቹ ሁሉ ይነቀሉ፤ ከባዶ ይጀምር። እኔን የቀዳበትን ሁሉ ያጥፋ። ሰው ፊት ቆሞ ይሳሳት። ቢስቁበትም ይሳቁበት።

ቃሌ ተነበበልኝ፤ የተናገርኩት ነው። ጠበቃው «የጣት አሻራ ይበቃል» አለ፤ ልጄም እጄን ልትደግፍ ቀረበች። ሁለቱንም ከልክያለሁ። ፊርማዬ ከመስመሩ ወጥቶ ምስክሮቹ የሚፈርሙበት ቦታ ድረስ ሄዷል። የእኔ ነው፤ ማንም እንዳያስተካክለው።

የተናዛዧ ፊርማ

እኛ ምስክሮች፣ ተናዛዧ ከላይ ያለውን ሁሉ በአንደበታቸው ሲናገሩ ሰምተናል፤ በገዛ እጃቸው፣ ያለ ማንም ድጋፍ ሲፈርሙም አይተናል። ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። ጠብቀናቸዋል።

ልብስ ሰፊው፣ ፊርማ
ነርሷ፣ ፊርማ