የእናትሽ ስምንት ቁጥር

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፤

ከባልሽ ጋር እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል። የባልሽ አባትም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዣታለሁ፤ በሦስተኛው ነው ከልቤ የወጣችው። ለምን እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ ይገባሻል።

አስቀድሜ የበደልኩሽን ልናገር፤ አለዚያ እጄ አይፈታልኝም። በመጋቢት በላክሽልኝ ደብዳቤ፣ የባልሽ አባት አንድ አሮጌ ፍሊፐር፣ ያንን የብረት ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበትን የመጫወቻ ማሽን፣ አግኝተው እያደሱ እንደሆነ፣ ማሽኑም ሳሎናችን ካለው ከባለ ሰርከስ ሥዕሉ ማሽን ጋር የአንድ ፋብሪካ ልጅ እንደሆነ፣ ነጥብ ከሚቆጥሩት አራት ባለ ቁጥር ተሽከርካሪ ከበሮዎች የመቶ ቤቱ ጠፍቶበት እንደቆመ ነገርሽኝ። «አባዬ፣ ያንተው ከቆመ ዓመታት አልፎታል፤ የመቶ ቤቷን ከበሮ ብትልክልን» አልሽ። እኔም «የእኛው ተሰባብሯል፣ አይሆንም» ብዬ መለስኩልሽ።

አልተሰባበረም ልጄ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ የጠዋት ጸሎቱን አድርሶ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ቁጭ ብሎ ልጁን ዋሸ።

ማሽኑ ለምን እንደቆመ ነግሬሽ አላውቅም። እናትሽ በዚያ በመጨረሻው ወር መቆም ሲያቅታት የወጥ ቤቱን በርጩማ አምጥቼላት፣ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። ታስታውሻለሽ፣ የብረት ኳሷ ወዳልፈለገችው ስትንከባለልባት ማሽኑን በዳሌዋ ገፋ ታደርገዋለች፤ ማሽኑም ሲበዛበት ጨዋታውን ይዘጋል። «ይሄ ነገር ልክ እንዳንተ አኩራፊ ነው፤ ትንሽ ሲነኩት ይዘጋል» ትለኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ አራት ነጥብ አገባች። «እንዳትነካካው፤ ነገ እበልጠዋለሁ» ብላ ወደ አልጋዋ ሄደች። በማግስቱ አልተነሳችም።

የእነዚህ የጥንት ማሽኖች ጠባይ እንዲህ ነው፤ ሶኬቱን ብትነቅይውም ከበሮዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ አዲስ ጨዋታ እስኪጀመር ቁጥሩ አይጠፋም። ስለዚህ ነቅዬ ተውኩት። አራት ዓመት ሙሉ ጓዳ ያሉትን ሌሎቹን ሁለት ማሽኖች እየፈታሁ ስገጥም፣ የሳሎኑን አቧራውን ብቻ እየጠረግሁለት ኖርኩ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ 3874ን አያለሁ፣ ከዚያ ነው ውሃ የምጥደው።

ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ከበሮውን የፈለገው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ታሪክ አጫውቼሽ፣ አልቅሰን፣ በዚያው ባበቃ ነበር። እኔን ያስዋሸኝ ቅናት ነው።

ከዚያ ደብዳቤ ጋር ያንን ፎቶ ባትልኪልኝ ይሻል ነበር። ሰውዬው፣ እሳቸው ልበል፣ በንጹሕ የሥራ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመዋል። አንቺ መበየጃውን ይዘሽ አጎንብሰሻል፤ ምላስሽን በከንፈርሽ ጥግ አውጥተሻል፤ ሕፃን ሆነሽ ስትጽፊ እንደምታደርጊው። የእሳቸው እጅ ትከሻሽ ላይ ነው። ከኋላ ግድግዳው ላይ መሣሪያው ሁሉ ተሰቅሏል፣ በየመሣሪያውም ዙሪያ ቅርጹ በቀለም ተስሏል። ፒንሳ ቢጎድል ቦታው «ፒንሳ የት ሄደ?» ብሎ ይጮሃል። አላፍርብሽም፣ በማግስቱ እኔም ቀለም ገዝቼ በየካቻቢቴዬ ዙሪያ መሳል ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ቡሩሹ ስቶብኝ ካቻቢቴውን ዳክዬ አስመሰልኩት፤ ተናድጄ ግድግዳውን ሙሉ ቀባሁት።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ እንደምትውዪ ጻፍሽ። «አባባ ብየዳ አስተማረኝ» አልሽ። አባባ! ይህቺን ቃል ሳነብ የዋጥኩት ሻይ መንገዱን ሳተ። እዚህ ሳለሽ ጓዳዬን «የዝገት ሰፈር» ብለሽ በሩን እንኳ ረግጠሽው አታውቂም ነበር እኮ! እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሊፍት ስጠግን ኖሬ፣ ያን ሁሉ ሽቦ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቅ ሰው፣ አንዲት ልጄን አንድ ቅዳሜ ጎኔ ማስቀመጥ አቃተኝ። አንድ ባዕድ ሰው፣ አንቺን ባወቁ በሁለት ዓመታቸው፣ እሳት የሚተፋ ብረት አስጨበጡሽ። ለውሸቴ የሰጠሽው መልስ ደግሞ ባሰ፤ «አይዞህ አባዬ፣ ምንም አይደል፣ አባባ ከሌላ ቦታ ይፈልጋል።» ብትቆጪኝ ይሻለኝ ነበር። አጽናናሽኝ። እሳቸው እኮ መላ አያጡም!

ይህ መልስሽ ከደረሰኝ በኋላ ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረምኩ። ዋሽቼ ጸሎት ላይ መቆም ከበደኝ። «ይቅር በለኝ» ስል ዓይኔ ወደ ሳሎኑ ይሄዳል። እውነቱን ልጻፍልሽ ስል ደግሞ የእሳቸው እጅ ትከሻሽ ላይ ይመጣብኛል። እንግዲህ የአባትሽን ብልሃት ስሚ። ከበሮውን ብሰብረው ቃሌ እውነት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ማንም ውሸታም አይለኝም፣ ከበሮውም ለሰውዬው አይደርስም። ሳስበው ጽድቅ መስሎ ነበር የታየኝ።

ረቡዕ ጠዋት የማሽኑን ጀርባ ከፈትኩ። ካቻቢቴዬን ከመቶ ቤቱ ከበሮ ሥር አስገብቼ ወደ ላይ ፈነቀልኩ። አልተሰበረም። «ቀጭ» አለ። አንዲት ቀጭ። ዞሬ ከፊት ስመለከት 3974 ይላል። የእናትሽ ስምንት ዘጠኝ ሆነ።

ወደ ኋላ ልመልሰው ሞከርኩ። አይመለስም፤ ጥርሱ ወደፊት ብቻ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ስምንትን ለማግኘት ዘጠኝ ጊዜ ወደፊት መግፋት አለብሽ። ገፋሁት። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ዞሮ ስምንት ላይ ደረሰ። ቁጥሩ ያው 3874 ነው፤ ማንም ቢያየው ልዩነት አያገኝበትም። እኔ ግን በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ሳየው፣ ያኛው እሷ ያገባችው ነበር፣ ይሄኛው እኔ በጣቴ የገፋሁት ነው።

ቤት ውስጥ መቀመጥ ስላልቻልኩ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄድኩ። ያንን ምላጭ የምንለውን ወዳጄን ታውቂዋለሽ፤ ከመቀሱ ምላሱ ይሰላል።

«ፊትህ ምነው ውሃ የገባበት ጆንያ መሰለ?» አለኝ ጨርቁን አንገቴ ላይ እያሰረ።

«ባለቤቴ መቶ ነጥብ አገባች» አልኩት።

መቀሱን አየር ላይ አቆመው። «ከሞተች በኋላ?»

«ከሞተች በኋላ።»

«በርቺ በላት! አንተ እንደሆንክ በቁምህም አልበለጥካት።»

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ከዚያ አፌ አልቆም ብሎኝ ሁሉን ዘረገፍኩለት፤ ከበሮውን፣ ውሸቱን፣ ፎቶውን።

«ሰውዬው ምን አደረገህ?» አለ።

«ምንም።»

«ልጅህን ከፋባት?»

«ኧረ የለም፣ ይወዳታል።»

«አሃ፣ ወንጀሉ እሱ ነዋ!» ብሎ አንገቴን ደፋው። «ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ቅናት አንገት ያደነድናል፣ ኋላ ጆሮህን ብቆርጠው ለልጅህ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» ትንሽ ከቆረጠ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ የምለው ወንድሜ፣ ልጅቱ ለሱ ከበየደች፣ ያኔ ላንተ ለምን አልበየደችም?» አለኝ።

«አልፈለገችማ» ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱም ሌላ ውሸት ሊሆን ነበር።

በድዬሽ ነበርና፤ ሚጣዬ፣ አስራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። አንድ እሑድ ራስሽ ጓዳ ገብተሽ «እኔም ልሞክር» አልሽ። የሰርከሱን ማሽን ከበሮዎች ሽቦ እያደስኩ ነበር። ሦስት ቦታ በየድሽ። የቀለጠው ሊድ ጉብታ ጉብታ ሠርቶ ድንች መስሎ ነበር። «ጎበዝ» አልኩሽ። አንቺ ውሃ ልትጠጪ ስትወጪ፣ እኔ መበየጃውን አንስቼ አንደኛውን አቅልጬ በደንብ አድርጌ በየድኩት፤ ሁለተኛውንም ጀመርኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆመሻል፤ ለእኔም በብርጭቆ ውሃ ይዘሽልኛል። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ወጣሽ። እናትሽ ግን መጥታ፣ «የልጅቱን ሥራ ምን አድርግ ብሎህ ታፈርሳለህ? ይሠራል አይደለም እንዴ?» አለችኝ። እኔም «ይሠራል፤ ግን አስቀያሚ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ጓዳዬ የዝገት ሰፈር ሆነ።

አንቺ ደግሞ በመጋቢቱ ደብዳቤሽ ምን ብለሽ ነበር? «የመጀመሪያዎቹ ብየዳዎቼ አስቀያሚ ነበሩ፤ አባባ ግን እንዳሉ ተዋቸው፣ ይሠራሉ አለኝ።» ይህቺን መስመር ያን ጊዜ በጥድፊያ ነበር ያለፍኳት። ዓይኔ «አባባ» የምትለዋን ብቻ ነበር የሚቆጥረው። ሰባት ጊዜ ጽፈሽዋል። አባዬ ደግሞ አራት።

ሐሙስ ዕለት ከበሮውን ልልክልሽ ቆርጬ ተነሳሁ። ለማውጣት ሽቦዎቹን ከብየዳቸው መፍታት ነበረብኝ። አንደኛው የእኔ ነው፤ ሁለተኛውም የእኔ ነው፤ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አስጠሊታ። ሦስተኛው በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ስንት ዓመት አይቼው የእኔ ጥቅልል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ጠጋ ብዬ በመብራት ሳየው ግን ጫፉ በመቀስ አልተቆረጠም። በጥርስ ነው። በዚህ ቤት ናስትሮ በጥርሷ የምትቆርጥ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ።

ናስትሮውን ፈታሁት። ድንቹ ብየዳሽ ነው። እናትሽ ከእኔ ከአራሚው ደብቃ ሸፍናው ኖሯል። እንዲያ ተሸፍኖ ሃያ ዓመት ሞላው፤ አንድም ቀን ተበጥሶ አያውቅም። 3874ን ስታገባ መቶ መቶው የቆጠረላት በዚህ በኩል ባለፈ ኤሌክትሪክ ነው። የእኔዎቹን ሁለቱን በዚህ መሀል ሦስት ጊዜ ደግሜ በይጃቸዋለሁ።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የጸለይኩት ጸሎት ረጅም አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የመቶ ቤቱ ከበሮ ይደርስሻል። እናትሽ በሠራችልኝ የሱፍ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፤ ካልሲውን መልሺልኝ። ስምንት ላይ አቁሜዋለሁ። ስትከፍቺው ሌላ ቁጥር ካሳየ መንገድ አናውጦት ነው፤ ግድ የለም፣ ተዪው። ለአባባ እንዲህ በያቸው፦ በአልኮል እንጂ በዘይት እንዳያጸዱት፤ ዘይት አቧራ ይይዝና ያደነዝዘዋል። ያውቁታል፣ ግን በያቸው። ከእኔ የሰሙት ነገር ይኑር። ሲበየድም አንቺ በይጂው፤ ቢያብጥም ይበጥ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ዋሽቼሽ ነበርና ዳግመኛ አልደብቅም። የሦስተኛውን ሽቦ ከብየዳሽ አልፌ፣ ጣት ያህል ትቼ ነው የቆረጥኩት። ከበሮው ለእሳቸው ነው። ብየዳው እዚህ ይቀራል። ቅናት ነው ብትዪኝ አዎን ነው፤ ከጠቅላላው ያቺን ያህል ብቻ ብትቀርልኝ እግዚአብሔርም የሚታገሰኝ ይመስለኛል።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው፣ ያ ትከሻሽ ላይ ያለው እጅም ዕድሜ ይስጠው። ይህንንም ሳልሰርዝ ጻፍኩት።

አባዬሽ

ይድረስ ካልኩ በኋላ የታወሰኝ፦ የሳሎኑ ማሽን አሁን 3፣ ባዶ፣ 7፣ 4 ይላል። ጓዳውን አጽድቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛውን ሳዘጋጅ ሳላስበው ሁለት መበየጃ አውጥቼ ኖሯል፤ አንዱን ልመልስ ብዬ ተውኩት።