ትንፋሽና ኪኒን

ጥር 28
ዛሬም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ግቢ ውስጥ ቆምኩ። ጉልበት ላላ፣ ክንድ ገንቦ እንዳቀፈ፣ ትንፋሽ ከእምብርት በታች። ሃያ ደቂቃ። ጎረቤቴ ዘይና በአጥር በኩል አየችኝ። «አያ ሙሀመድኑር፣ ደግሞ ተተከልክ?» ይህች ሴት ሳታሾፍብኝ ቁርስ አይወርድላትም።

ትሳቅ። መንገድ ሥራው ካምፕ መጋዘን ስጠብቅ ወገቤን ያቃናልኝ ሽማግሌው ቻይናዊ መካኒክ ሚስተር ዋንግ ነው። ይህን የአቋቋምና የትንፋሽ ልምምድ ቺጎንግ ይለዋል። «ማን ማን» ይለኝ ነበር በቋንቋው፣ ቀስ በል ማለቱ ነው። አትግፋ፣ አትታገል፣ ሰውነት መንገዱን ያውቃል። መቆሙ ብቻ አይደለም፤ ጀሪካን ስታነሳም፣ ወረፋ ስትጠብቅም፣ ስትናደድም ነው። ንዴቱ ነው ያልለቀቀኝ... ዛሬም ከባጃጅ ሹፌር ጋር ተነቋቁሬ ነው የገባሁት።

የካቲት 6
ሚስራ አብራኝ ቆመች! ሠላሳ ዓመት «እብድ አገባሁ» ስትል የኖረችው ሚስቴ። ራስ ምታቱ ቀለል አለኝ አለች። የደም ግፊቷን ተለካች፣ ወርዷል። በምትውጠው ኪኒን ነው በትንፋሹ? በትንፋሹ ነው እንጂ። ደስ አለኝ፣ በጣም።

የካቲት 21
ነገ ረመዳን ይገባል። ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ነርሷ፣ «እናቴ፣ እጾማለሁ ካሉ የግፊቱን ኪኒን አንዱን ሌሊት በሱሁር፣ አንዱን ማታ በኢፍጣር። እንዳያቋርጡ።» ሁለታችንም እሺ አልን።

የካቲት 27
ሙቀቱ አይጣል ነው። ኪኒኑ ያሸናታል፣ ገና ረፋድ ላይ ምላሷ ደርቆ ይቀራል። ዛሬ አለቀሰች። «ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው፣ ሙሀመድኑር።» አንድ ቀን ሳይጎድል ልትጨርስ ነው ሀሳቧ።

«እስከ ዒድ ተይው» አልኳት። «ትንፋሹ ይበቃሻል። ሰውነትሽን አትታገይው።»

እንደ አዋቂ ሆኜ ነው የተናገርኩት። እሷም አመነችኝ።

መጋቢት 5
ሳይጠማት ዋለች። ፊቷ በራ። ጠዋትም ማታም አብረን እንቆማለን። አልሀምዱሊላህ።

መጋቢት 11
ራሷን ያማታል። «ጾም ነው» አለች። እኔም ጾም ነው አልኩ።

መጋቢት 13
ለከሰዓቱ የአስር ሶላት ውዱእ እያደረገች ወደቀች። አፏ ተጣመመ። መኪና ለምነን ወደ ኮምቦልቻ ይዘናት ሄድን... ሐርቡ ከተማን አልፈን ብዙም ሳንሄድ እጄን ለቀቀችው።

መጋቢት 14
ቀበርናት።

መጋቢት 17
ቤቱ በለቀስተኛ ሙሉ ነው። ወንድሟ እንድሪስ ከባቲ መጥቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ «አጀሏ ነው፣ የተጻፈላት ቀን ደርሶ ነው፣ በረመዳን መሞት መታደል ነው» ይለኛል። «አዎ፣ አጀሏ ነው» እላለሁ። ኪኒኑን መተዋን ማን ያውቃል? ከነማሸጊያው ሳጥን ውስጥ ደበቅሁት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዋንግን ልረግም ፈለግሁ። ግን እሱ ራሱ በየጠዋቱ ቆሞ ሲጨርስ የልብ ኪኒኑን ይውጥ ነበር። ውሃውን የማቀብለው እኔ! በዓይኔ እያየሁ... ለሚስራ ስመክር ይህ እንዴት ጠፋኝ? አልጠፋኝም። የፈለግሁትን ብቻ ነው የወሰድኩት።

መጋቢት 22
ዒዱ ትናንት አለፈ። አላከበርኩም።

ዛሬ ዘይና መጣች። እንድሪስም አለ። ቁጭ አለችና፣ «አያ ሙሀመድኑር፣ ያን አቋቋም አሳየኝ በሞቴ። እኔና የታች ሰፈሯ ሙሚና የግፊት ኪኒናችንን ከተውነው ሦስት ሳምንት አለፈን። እቴ ሚስራ ናት የመከረችን፣ ትንፋሹ ይበቃል ብላ።»



ምክንያቱን ሳልነግራት «ኪኒኑን ዋጡ» ብላት? ዘይናን አውቃታለሁ፣ ለምን ሳትል አትሄድም። እንድሪስን አየሁት። ሙስበሃውን ይቆጥራል።  ወላሂ፣ ተናገርኩት። «ኪኒኑን ያስተውኳት እኔ ነኝ። ቺጎንጉ አልገደላትም፣ እኔ ነኝ። ሂጂ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ!»

ዘይና አፏን ይዛ ወጣች። እንድሪስ ተነሳ፣ ጫማውን አደረገ፣ ሄደ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔም ተነስቼ ሙሚና ቤት ሮጥኩ። ልጇ አፍናን ከፈተችልኝ። ዓይኗ አብጧል።

«እማ የለችም፣ አባባ። ትናንት ከዒድ ሶላት መልስ ወደቀች። ኮምቦልቻ ወስደዋታል። አትናገርም አሉ።»

ለልጅቷም ነገርኳት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሙሚና በለቅሶው በሦስተኛው ቀን እቤቴ መጥታ ነበር። እጄን ይዛ «አጀል ነው፣ አያ ሙሀመድኑር» ስትለኝ ዓይኗን እያየሁ ነው «አዎ» ያልኳት።