ስለ ሀያት የተናገርኩበት ጁምዓ

ጁምዓ፣ ኅዳር 6 ቀን 2006፣ ጂዳ

አልሐምዱሊላህ፣ ስለ ልጄ ስለ ሀያት ለጎረቤት መናገር ዛሬ ጀመርኩ! የፖሊስ ፍተሻው ከበረታ ወዲህ እንደ እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላቸው የሕንፃችን ሴቶች ከደጅ አይወጡም። እኔም «ከሰላት በኋላ ቤቴ ኑ፤ ስለ ልጄ የምነግራችሁ አለ» ብዬ ጠራኋቸው። ክፍሉ ሞላ። ሀያት ያለባት ኦቲዝም እንደሚባል፣ አብሯት የተፈጠረ እንጂ ጂንም እርግማንም እንዳልሆነ፣ ባትናገርም ሁሉን እንደምትሰማ ነገርኳቸው።

የታችኛው ቤት ዘይነባ፣ ሀያትን ስታይ ልጆቿን ከኋላዋ የምትሸሽገው፣ «ታዲያ ጆሮዋን ለምን ትይዛለች?» አለች።

«ጩኸት ስለሚያማት ነው» አልኳት።

ስጨርስ ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ ግን ቀድማ እጇን ያነሳችው እሷ ናት። «ኧረ ቀስ! ልጅቷን ያማታል!»

ሁሉም አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ። ሀያትም አብራ ሳቀች።

ዘይነባ ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «የሚመጣው ጁምዓ እኔ ቤት ይሁን፤ የላይኛው ፎቅ ሴቶችንም እጠራለሁ። ሀያትን ይዘሻት ነይ፣ ከልጆቼ ጋር ትጫወት» አለችኝ።

እስከዚያ እዚህ እንቆይ አንቆይ አላህ ያውቃል። ግን ልጄን ቤቱ የጠራት ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም።