ያልነገርኩዎት ተኩስ

ካልጋሪ፣ እሑድ ኖቬምበር 22 ቀን 1998

ውድ ጋሽ በርሀ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ እልልታ በእጇ ይዛልዎት ትመጣለች። ወደ አስመራ የምትበረው የፊታችን ሐሙስ ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መኪናዋ ውስጥ አስገብታኝ ስለ ጤናዎ ነገረችኝ። እግርዎ እንዳበጠ፣ ምግብ እንደቀነሱ፣ ሐኪሙ ጨው እንደከለከለዎት። ይሄ ሁሉ አሳሰበኝ፤ ያስለቀሰኝ ግን ሌላው ነው። «አባዬ ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ዝም ብሏል» አለችኝ። «የጎረቤቱን ልጆች ወደ ግንባር ሲወስዷቸው ካየ በኋላ፣ እኔ በሕይወቴ ለሰው ያስተማርኩት መግደል ብቻ ነው ይላል። ሌላ ወሬ የለውም።»

ጋሼ፣ ይሄ እውነት አይደለም። እውነት አለመሆኑን በደንብ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ። ሳልነግርዎት የቀረሁትም እኔው ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽቼዎታለሁ።

ያን ዓመት፣ በ1996 መጀመሪያ፣ ከሆቴሉ ወጥ ቤት ሌይኦፍ ተደርጌ፣ ያለ ሥራ ስንከራተት ያስታውሳሉ። በመጨረሻ ሥራ ያገኘሁት ሰሜን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ማዕድን የሚፈልጉ ሰዎች ካምፕ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ወር ምግብ ማብሰል። ሰዎቹ ጠዋት በሄሊኮፕተር ወጥተው የሚመለሱት ለራት ነው። ስለዚህ ካምፕ ውስጥ የምትውለዋ ሴት የመሣሪያ ኮርስ ወስዳ ፈቃድ ታውጣ፣ ጠመንጃውን ካምፓኒው ይገዛላታል አሉኝ። ፎርሙን ይዤ «አልፈልግም» ልላቸው ስወጣ እርስዎ ዶቨር ሰፈር በጋራ ደረጃችን ላይ በረዶ ይጠርጉ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው ጓለይ?» አሉኝ። በትግርኛዎ «ልጄ» ማለትዎ ነው።

«ድብ አለ አሉኝ። ጠመንጃ ያዢ አሉኝ። እኔ ደግሞ ጠመንጃ ካለበት ቤት አላድርም።»

ባለቤቴ ገረመው እንዴት እንደሞተ ያውቁ ነበር። የቀበሌ ጥበቃ ሲመድቡት የሰጡትን ጠመንጃ «ባዶ ነው፣ አትፍሪ» እያለኝ ሲወለውል ነው የሞተው። ልጃችን ኤዶም ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። እርስዎ አካፋዎን በረዶው ላይ ተከሉ። ከዚያ፣ «ኮርሱን ውሰጂ፤ እንቢ የምትዪው ከዚያ በኋላ ነው። ሳያውቁ መፍራትና አውቆ መፍራት አንድ አይደለም» አሉኝ።

ወሰድኩ። ፈቃዴ ሲመጣ ሱቅ ድረስ ይዘውኝ የሄዱትም እርስዎ ነዎት። እኔ ዓይኔን የጣልኩት ትንሿ ሽጉጥ ላይ ነበር። ቀላል ናት፣ ወገቤ ላይ አስራታለሁ ብዬ። ሳቁብኝ።

«አንደኛ ነገር ሕጉ አይፈቅድልሽም። ደግሞስ ሽጉጥ የሚንቀጠቀጥ እጅ ላይ ምን ይሠራል? የዚያን ቀን እጅሽ መንቀጥቀጡ አይቀርም።»

ሻጩ መነጽር የተገጠመለት ትልቅ የአደን ጠመንጃ አወጣና ገዢው እርስዎ መስለውት ወደ እርስዎ ዘረጋው። ተቀብለው ለእኔ ሰጡኝ። ከበደኝ። «ይሄ ለሩቅ ነው» አሉኝ። «ድብ ሩቅ ሳለ ጠላትሽ አይደለም። ከቀረበሽ ደግሞ በዚህ መነጽር የሚታይሽ ጸጉር ብቻ ነው።» በመጨረሻ በርሜሉ አጠር ያለውን ሾትጋን አስመረጡኝ፤ ግራ እጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየሳበ የሚያቀባብለውን። ጥይቱም እንደ ወፍ ማደኛው የሚበታተን ሳይሆን አንድ ወፍራም እርሳስ ያለበት እንዲሆን ነገሩት። ሻጩ ከዚያ በኋላ «ሰር» እያለ ነው ያነጋገረዎት። ካልጋሪ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት የሚወለውሉ ሰውዬ መሆንዎን ቢያውቅ ምን ይል ነበር?

ሰደፉ ለእኔ ክንድ ረዘመ። ወጥ ቤትዎ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሁለት ጣት ያህል በመጋዝ ቆረጡት፤ ጫፉ ላይም ጎማ ለጠፉበት። «በማይመችሽ መሣሪያ ራስሽን አትከላከዪም» አሉኝ። ያቺን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ፣ እንደ ሕፃን አልጋ ነበር የሚጠነቀቁላት።

ከዚያ ሦስት ቅዳሜ፣ ከቸስተርሚር ከተማ ወዲያ ያለው የጓደኛዎ እርሻ ላይ አለማመዱኝ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አንድም ጥይት አላስተኮሱኝም። ስከፍት፣ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም ስፈትሽ፣ ስዘጋ፣ እንደገና ስከፍት ዋልኩ። እያለቀስኩ። ገረመውን እያሰብኩ መሆኑን አውቀው ፊትዎን ወደ መንገዱ አዞሩልኝ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ ካርቶን ወትፈው ከጉብታው ላይ አቆሙት፤ ከኋላዬ ሆነው ያሰሩበትን ገመድ ሲስቡት እየነጠረ ወደ እኔ ይንከባለላል። መጀመሪያ ሁለቴ ጠመንጃውን ይዤ ሮጥኩ። በሦስተኛው ቆምኩ።

«ጠብቂው» ይሉኝ ነበር። «ጠብቂው... አሁን! አቀባብዪ! ወደቀ ብለሽ አትመኚ፣ አቀባብዪ!»

በመሃሉ ደግሞ ስለ ወጥ ቤቴ ነበር የሚያስተምሩኝ። ጠመንጃው የመጨረሻው ነው ይሉ ነበር። ፍርፋሪ ከመሬት አንሺ፣ የተጠበሰበትን ዘይት አትድፊ፣ ድብ ማባረሪያው የበርበሬ መርጫ ከወገብሽ አይለይ፣ ድቡን ካየሽው አትሩጪ፣ አውሪው። ከወጥ ቤትሽ ዙሪያ ሃያ እርምጃና አሥር እርምጃ ላይ ድንጋይ ነጭ ቀብተሽ አስቀምጪ፤ ፍርሃት ርቀት ያሳስታል፣ ድንጋይ ግን አይዋሽም አሉኝ።

የመጨረሻው ቅዳሜ ልንመለስ ስንል መኪናው ላይ ተደግፈው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሃያ ዓመት ይህን አስተምሬአለሁ፣ ጓለይ። ለንጉሡም ለደርግም። የልጆቹን ስም ረስቻለሁ። ሰደፍ ሲመታው ያበጠ ትከሻቸውን ግን አልረሳሁም። ስንቱ እንደተረፈ አላውቅም። አንቺ ሳትተኩሺ ተመለሽልኝ። አንድ ሳይተኩስ የሚመለስ ተማሪ ይኑረኝ።»

ያዋሸኝ ይህ ቃል ነው።

ካምፑ ወንዝ ዳር ነበር፤ አንድ የእንጨት ወጥ ቤትና ስድስት ድንኳን። ድንጋዮቹን በደረስኩ ማግስት ቀባኋቸው። ሰዎቹ ሳቁ። በጁላይ አጋማሽ፣ አንድ ረቡዕ፣ ሳህን ሳጥብ ከወንዙ ማዶ ግሪዝሊ የሚሉትን ትልቅ ድብ አየሁ። በሁለት እግሩ እንደ ሰው ቆሟል። ጠመንጃውን አነሳሁ፤ ግን አላቀባበልኩም። «ሲቆም ሊያይሽና ሊያሸትሽ ነው እንጂ ሊመጣብሽ አይደለም» ብለውኝ ነበርና አወራሁት። በአማርኛ! «ወንድሜ፣ እዚህ ምንም የለህም፤ እኔ ልጅ አለችኝ፣ ሂድልኝ» እያልኩ ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ወረደ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫካ ገባ። ያን ዕለት እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ ምንም ያላደረገ እንስሳ አቆስዬ፣ እሱም ይጨርሰኝ ነበር።

በማግስቱ የመጣው ሌላ ነው። ከሲታ፣ ጎኑ የገባ፣ አሮጌ።

ከሰዓት በኋላ ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ኬረን የምትባል ወጣት ጂኦሎጂስት ጉልበቷ ወልቆ ድንኳኗ ውስጥ ተኝታ ነበር። ስሜን ሰማሁ። ሁልጊዜ ስሜን ትቆራርጠው ነበር፤ ያን ቀን ግን «የዓለምወርቅ!» ብላ አጥርታ ጠራችው። ወጣሁ። ድቡ ግማሽ አካሉ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ሸራው ይቀደዳል፣ ትጮሃለች።

መርጫውን አሰብኩት፤ ነፋሱ ከእሱ ወደ እኔ ነበር፣ ራሴን ነው የማሳውረው። ጠመንጃውን አቀባበልኩ፤ ግን መተኮስ አልቻልኩም፣ ከጀርባው ኬረን አለች። «ከኢላማሽ በስተኋላ ያለውን ሳታውቂ ጣትሽ ምላጭ አይንካ።» ስንቴ ብለውኛል? መቶ ጊዜ? የወጥ ቤቱን ግድግዳ ይዤ ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ከጀርባው የወንዙ ገደል ብቻ እስኪታየኝ ድረስ። ያቺ መንገድ ስምንት እርምጃ ብትሆን ነው። ዕድሜዬን በሙሉ የሄድኩ ይመስለኛል፤ ልጅቷ እየጮኸች እኔ ወደ ጎን መሄድ።

ከዚያ ጮህኩበት። የጮህኩት በእርስዎ ድምፅ ነው፤ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ድቡ የነከሰውን ክንዷን ለቀቀና ዞረ። አልቆመም፣ አላጉረመረመም፤ ጆሮውን አጣብቆ መጣ። የሃያውን ድንጋይ አለፈ። ጠበቅሁ። የአሥሩን ሲያልፍ ተኮስኩ። ድምፁን አልሰማሁትም። ግራ እጄ ሳላዘው አቀባበለ። አሁንም እየመጣ ነው፤ ሁለተኛውን ተኮስኩ። በአፍንጫው ተደፋ። በኋላ ስለካው ከጫማዬ አራት እርምጃ ነበር። ወደ ኋላ ሸሽቼ፣ ሦስተኛውን አጉርሼ፣ መሞቱን እስካረጋግጥ ድረስ አፈሙዙን ከእሱ ላይ አላነሳሁም።

የኬረንን ክንድ በሽርጤ አሰርኩት። በሬዲዮ ጠራሁ። ሄሊኮፕተሩ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። «አትተኚ» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ «ማን አስተማረሽ?» ትለኛለች። «ጎረቤቴ» አልኳት።

የዱር እንስሳት ሹሙ መጥቶ ሁሉንም ለካ፣ ጻፈ። የድቡ ጥርስ ተሰብሮ አፉ መግሎ ነበር፤ ማደን ስላቃተው ነው ወደ ሰው የመጣው አለኝ። «ምርጫ አልነበረሽም» አለኝ። እኔ ግን የድቡን እጅ፣ ያንን ትልቅ መዳፍ አይቼ አለቀስኩ። እሱም ርቦት ነው።

ሴፕቴምበር ላይ ስመለስ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ «ተኮስሽ እንዴ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ። አንዴ ከሩቅ አየሁ፤ አወራሁት፣ ሄደ።»

ፊትዎን በሁለት እጅዎ ሸፍነው «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ ሳቁ። ያንን ሳቅ እንዴት ልንጠቅዎት? ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሳለ በሚቀጥለው ጸደይ አስመራ ሊኖሩ ሄዱ። ኤርፖርት ሳቅፍዎትም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አጥፍቻለሁ። ደስ እንዲልዎት ብዬ የደበቅሁት ነገር ዛሬ የሚያስፈልግዎት መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አሁን ልንገርዎት። ኬረን በሕይወት አለች። ኤድመንተን ነው የምትኖረው፤ ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ሕፃኗን በዚያው በተሰፋው ክንዷ ነው የምታቅፋት። እኔም አለሁ። ከዚያ ወዲህ በሁለት ሰመር አራት ድቦች ወደ ካምፔ መጥተዋል፤ አራቱንም አውርቼ፣ ድስት ደብድቤ፣ አንዱን በመርጫው አባርሬ በእግራቸው ሸኝቻለሁ። ይቁጠሩት ጋሼ። በእርስዎ ትምህርት ከሞተው የተረፈው ይበልጣል።

ድሮ ስላሠለጠኗቸው ልጆች ምንም ማለት አልችልም። ያ የእርስዎ ሐዘን ነው፤ አላቃልለውም። እዚህም ካልጋሪ ሰላምታ ያቆሙ ሰዎች አሉ፣ የእርስዎ ወገንና የእኔ ወገን ተባብለው። እኔ ግን እንጀራዬን የምበላው አንድ ኤርትራዊ አባት ቆርጦ ባስተካከለልኝ እንጨት ነው። ይህን የሚጠይቀኝ ሁሉ ይሰማል። ስለ ጠመንጃው ብቻ አይደለም የማመሰግንዎት። ፊትዎን አዙረው እንዳለቅስ ስለተዉኝ ነው። ፈሪ ነሽ ሳይሉኝ እንደገና ገመዱን ስለሳቡልኝ ነው።

ጨውዎን ይተዉ፣ እልልታ የምትሰጥዎትን መድኃኒት ይዋጡ። በፋሲካ ደውዬ ድምፅዎን እሰማለሁ፤ ያኔ የፈለጉትን ያህል ይቆጡኛል።

ያስተማሯት ልጅዎ፣
የዓለምወርቅ

ደብዳቤውን ስጨርስ ለኤዶም አነበብኩላት። እሷም እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር። ሰምታ ስትጨርስ እስክሪብቶውን ተቀበለችኝ። አንቱታ ገና አይገባትም፣ ይቅር ይበሏት፤ አላረምኩትም።

«ጋሽ በርሀ እኔ ኤዶም ነኝ። አሁን 13 ነኝ። አንተ ማሚን አስተማርክ። ማሚ ወደ ቤት መጣች። ታንክ ዩ።»